«ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ» ሲሏችሁ፦ አራቱን ኮርድ በየኪዩ መጫወት

ዘማሪ ወይም ዘፋኝ ማጀብ የጀመረ ጊታሪስት ይህችን ጥያቄ ሳይሰማ አይውልም፤ «ወንድሜ፣ ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ።» ጠያቂዋ ቀላል ነገር የጠየቀች ነው የሚመስላት። ኪቦርዲስቱ አንድ ቁልፍ ሁለቴ ጫን ጫን አድርጎ ይገላገላል። ቤዝ የሚጫወተው እጁን ሁለት ፍሬት (በአንገቱ ላይ በብረት የተከፋፈሉት ቦታዎች) ያንሸራትታል። ጊታሪስቱ ግን በጂ ኪይ፣ ማለትም ጂን መነሻ ድምፅ አድርጎ፣ የሸመደደው መዝሙር ወደ ኤፍ ሲወርድበት ቢ ፍላት ከፊቱ ይደቀናል፣ ጣቱ ይተሳሰራል፣ የቀረው የልምምድ ሰዓትም እሱን በመጠበቅ ያልፋል።

እኔ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ጊታር የለመድኩት ከጓደኛ እጅና ከስልክ ቪዲዮ ነው። ያጀብኩትም መጀመሪያ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ፕሮግራም፣ ኋላም በሠርግና በየሰው ቤት ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ይህን ጽሑፍ ብታልፉት ቅር አይለኝም፤ ለእናንተ ሀ ሁ ነው። የምጽፈው እንደኔ በጆሮና በጣት ለጀመረ፣ አራት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይዞ መድረክ ለወጣ፣ ኪይ ሲቀየርበት ግን ላብ ለሚያጠምቀው ነው።

አራት ኮርድ የምለው ለማቃለል አይደለም። ጂ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር፣ ሲ የምትለዋ ዙር ዓለምን ያዳረሰች ናት። ቢትልሶች በ1970 ያወጡት «ሌት ኢት ቢ» የሚጀምረው በዚችው ዙር ነው፤ ልዩነቱ ኪዩ ሲ መሆኑ ብቻ ነው፦ ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ። ዩቱዎች በ1987 ያወጡት «ዊዝ ኦር ዊዝአውት ዩ» ደግሞ ዲ፣ ኤ፣ ቢ ማይነር፣ ጂ እያለ ይዞራል። ሦስቱም አንድ ናቸው። የኮርዱን ስም ብቻ የሚያይ ሰው ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብሎ ያስባል።

እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ደብተር ነበረኝ፤ የእያንዳንዱን መዝሙር ኮርድ እጽፍበታለሁ። ዘማሪዋ በሌላ ኪይ ስትፈልገው ሌላ ገጽ ላይ እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። ሌላ ዘማሪ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ገጽ። ደብተሩ እየወፈረ ሄደ እንጂ የእኔ ችሎታ ፈቀቅ አላለም። መብራት በሄደ ቁጥርም ከመብራቱ ጋር ችሎታዬ አብሮ ይሄድ ነበር፤ ደብተሩን ካላየሁት ምኑንም አላስታውስ።

ከደብተሩ ጋር የተለያየነው አንድ ሠርግ ላይ ነው። ኪቦርዲስቱ የማላውቀው ልጅ ነው፣ አብረን አልተለማመድንም። «በምንድን ነው?» ስለው «በሲ» አለኝ። እጁንም አየሁት፤ በእርግጥም ነጮቹን ቁልፎች እየነካ ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ ይይዛል። እኔም ልቤን ሞልቼ በሲ ገባሁ። ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ ባልገልጸው ይሻላል፤ ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ዞር ብለው አዩን። ኋላ ጠጋ ብዬ ሳይ የኪቦርዱ መስኮት ላይ፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ ከሚያደርገው ትራንስፖዝ ከሚለው ጎን፣ +3 ይላል። እጁ ሲ ላይ ነው፣ የሚሰማው ግን ኢ ፍላት ነው። ልጁ አልዋሸኝም፤ እሱ የሚያየው ሲ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ኪቦርዲስት ስጠይቅ ከኪዩ አስቀድሜ «ትራንስፖዝህ ስንት ላይ ነው?» እላለሁ። እናንተም ይህችን ጥያቄ ያዟት። መልሱ ፕላስ ሁለት ከሆነ፣ በሚነግራችሁ ኮርድ ላይ ሁለት ፍሬት ጨምሩ። ማይነስ አንድ ከሆነ አንድ ፍሬት ቀንሱ። ዜሮ ከሆነ ፈጣሪን አመስግኑና ግቡ።

ያን ቀን ያዳኑኝ አልቶ ሳክስፎን የሚነፉ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ለእረፍት ስንወርድ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ሳቁብኝ። «የእኔ ሲ እኮ የእናንተ ኢ ፍላት ነው። መሣሪያው ሲሠራ ጀምሮ እንዲያ ነው። በስም ብሄድ ኖሮ ዛሬ አንተ ላይ የደረሰው እኔ ላይ በየቀኑ ይደርስ ነበር» አሉኝ። «ታዲያ በምን ይሄዳሉ ጋሼ?» ስላቸው አንድ ጣት ቀሰሩ። ቀጥለው አምስቱንም ዘረጉ። ከዚያ ከሌላኛው እጃቸው አንድ ጨመሩ። ከዚያ አራት። «ያንተ ጂ ዲ ኢ ማይነር ሲ ይኸው ነው። የዚያ ልጅም ሲ ጂ ኤ ማይነር ኤፍ ይኸው ነው። ስሙን ተወውና ቁጥሩን ያዝ።»

ከእረፍት በኋላ የተጫወትነውን በሙሉ ጋሼ ሳክስፎኑን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እሳቸው በማይነፉበት ቦታ በጣታቸው ቁጥር እያሳዩኝ ጨረስን። በኋላ ሳነብ እንዳገኘሁት አሜሪካ ናሽቪል ውስጥ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮርድን በቁጥር እየጻፉ ይቀርጹ ነበር። ለዘዴው መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው ከኤልቪስ ፕሪስሊ ጀርባ ይዘምር የነበረው የጆርዳኔርስ ቡድን አባል ኒል ማቲውስ ነው። ዘፋኙ ስቱዲዮ ገብቶ ኪይ ቢቀይርም ወረቀቱ አይቀየርም።

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ከፈለጋችሁት ድምፅ ተነሱና በአንድ ክር ላይ በፍሬት ወደ ላይ ሂዱ፦ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ። ይህ ሜጀር ስኬል ነው። ከጂ ስትነሱ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ታገኛላችሁ፤ ከ1 እስከ 7 ቁጠሯቸው። በእነዚህ ላይ ከሚሠሩት ኮርዶች 1፣ 4 እና 5 ሜጀር ናቸው። 2፣ 3 እና 6 ማይነር ናቸው። 7ኛው ዲሚኒሽድ ነው፣ ለጊዜው እርሱት። በአሥራ ሁለቱም ኪይ ይህ አይለወጥም። ስለዚህ የኤ ኪይ 1–5–6–4 ኤ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ማይነር፣ ዲ ይሆናል። የኢ ኪይ ደግሞ ኢ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ ማይነር፣ ኤ። ኤፍ ላይ ኤፍ፣ ሲ፣ ዲ ማይነር፣ ቢ ፍላት። ቢ ፍላት ላይ ቢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ማይነር፣ ኢ ፍላት። ከዚህ ላይ ገልብጣችሁ አትሸምድዱት፤ አንድ ሁለት ኪይ ራሳችሁ ቆጥራችሁ አውጡና ከጻፍኩት ጋር አመሳክሩት።

ቁጥር ሲገባችሁ የሌሎቹ ዙሮች ነገርም ይቀልላል። ቤን ኢ ኪንግ በ1961 ያወጣው «ስታንድ ባይ ሚ» በኤ ኪይ ኤ፣ ኤፍ ሻርፕ ማይነር፣ ዲ፣ ኢ ነው፤ ማለትም 1–6–4–5። ያው አራት ኮርድ ነው፣ ተራው ተለዋወጠ እንጂ። ከ6 የሚነሳው 6–4–1–5 ሲመጣ አንዳንዱ «ይህ ማይነር ኪይ ነው» ብሎ ይከራከራል፤ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ ሲሆን ኪዩ ኤ ማይነር ነው ወይስ ሲ እያለ ልምምድ ያስቆማል። ኪዩን ለመቀየር ይህ ክርክር አያስፈልጋችሁም። አንዱን መርጣችሁ በእሱ ጸንታችሁ ከሄዳችሁ ኮርዶቹ አንድ ዓይነት ሆነው ነው የሚወጡት። ብቻ ከባንዱ ጋር ተስማሙ፤ አንዱ ኤ ማይነሩን 1፣ ሌላው 6 እያለ ጣት ቢቀስር ያ ሠርግ ሊደገም ነው።

ቁጥሩን ካወቅኩ በኋላ ግን አንድ ነገር አበሳጨኝ። ማወቄ አላፈጠነኝም። «በቢ ፍላት ስድስተኛው ማን ነበር?» ብዬ በልቤ ስቆጥር መዝሙሩ ጥሎኝ ይሄዳል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ደብተሩ የሚመለሰው እዚህ ጋ ይመስለኛል። መፍትሔው ቁጥሩን ከጭንቅላት አውርዶ የጊታሩ አንገት ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህን ክፍል ጊታር ይዛችሁ አንብቡት።

ከላይ ያለው ወፍራሙ ክር ስድስተኛው ነው፣ ከሥሩ ቀጥሎ ያለው አምስተኛው። ሲን አምስተኛው ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ በባሬ (ጠቋሚ ጣትን ክሮቹ ላይ አጋድሞ በመጫን) ያዙት። ይህ 1 ነው። አሁን ከዚያው ከሦስተኛው ፍሬት ሳትለቁ መነሻውን ወደ ስድስተኛው ክር አዙሩት። ጂ ሆነ፤ 5 ማለት ነው። በዚያው ክር ሁለት ፍሬት ወደ ፊት ሂዱና ማይነር አድርጉት፤ አምስተኛው ፍሬት፣ ኤ ማይነር፣ 6። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አንደኛው ፍሬት ላይ ሜጀር ያዙ፤ ኤፍ፣ 4። አለቀ። እንግዲህ የእጃችሁን አካሄድ ምንም ሳትነኩ፣ ሁሉንም ሁለት ፍሬት ወደ ፊት ግፉት። አምስተኛው ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ተነሱ፣ ያንኑ አድርጉ። የምትሰሙት ዲ፣ ኤ፣ ቢ ማይነር፣ ጂ ነው። ስሙን አልቆጠራችሁም፣ ሻርፕና ፍላት አላሰባችሁም።

1 ስድስተኛው ክር ላይ ሲወድቅ አካሄዱ ሌላ ነው፣ ግን እሱም አንድ ብቻ ነው። ጂን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያዙ። 4 እዚያው ፍሬት ላይ አምስተኛው ክር ነው፤ ሲ። ከእሱ ሁለት ፍሬት ወደ ፊት 5 ነው፤ ዲ። ከእሱም ሁለት ፍሬት ወደ ፊት ማይነር ስትይዙ 6 ነው፤ ኢ ማይነር። እነዚህን ሁለት አካሄዶች የያዘ ሰው የሚቀረው 1 የት እንዳለ ማወቅ ብቻ ነው። ስድስተኛው ክር ላይ ኤፍ 1ኛው፣ ጂ 3ኛው፣ ኤ 5ኛው፣ ቢ 7ኛው፣ ሲ 8ኛው ፍሬት ላይ ናቸው። አምስተኛው ክር ላይ ቢ 2ኛው፣ ሲ 3ኛው፣ ዲ 5ኛው፣ ኢ 7ኛው፣ ኤፍ 8ኛው ላይ። ፍላቱ ከስሙ አንድ ፍሬት ወደ ኋላ፣ ሻርፑ አንድ ወደ ፊት ነው። «ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ» ስትባሉ እናንተም እንደ ቤዝ ተጫዋቹ እጃችሁን ማንሸራተት ነው።

«ባሬ ግን እጄን ይገድለኛል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሁሉም ሰው ባሬን የሚጀምረው ከኤፍ ነው፤ ኤፍ ደግሞ ከባሬዎች ሁሉ ከባዱ ነው፣ ምክንያቱም ከአንገቱ ጫፍ አጠገብ ክሩ አልጫንም ይላል። ከአምስተኛው ፍሬት ጀምሩ፣ በኤ። እዚያ ሲጠራላችሁ አንድ አንድ ፍሬት ወደ ኋላ ኑ፤ ኤፍ ጋ ስትደርሱ እጃችሁ ጠንክሮ ይጠብቃችኋል። ጠቋሚ ጣታችሁን በሆዱ አትጫኑት፣ ወደ አጥንታማው ጎኑ ትንሽ ጋደም አድርጉት። አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ መሀል ላይ ይሁን። ደግሞ ጊታራችሁን ፈትሹ። 12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ ብረት መሀል ያለው ክፍተት በአኮስቲክ ጊታር ከ3 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል፤ ወደሚያስተካክል ሰው ውሰዱት። በ12 ቁጥር ክር ፈንታ 10 ወይም 11 ቁጥር ማሰርም ብዙ ያቀላል። እኔ ክር ቀይሬ «ለካ እችላለሁ» ያልኩበት ጊዜ አለ።

ስለ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ ጨምቆ የሚይዝ ማሰሪያ) የሰነፍ መሣሪያ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ባሬ ሁሉን ኪይ ይሰጣችኋል፣ ግን ክፍት ክር የሚሰጠውን ያንን የሚያስተጋባ ድምፅ ይነሳችኋል። አንድ ሰው ብቻ በአኮስቲክ ስታጅቡ ካፖ ይሻላል፤ ከነ ድራሙና ከነ ኪቦርዱ በባንድ ስትጫወቱ ባሬው ይበቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ካፖው ያለበት ፍሬት ቁጥር በምትይዙት ኮርድ ላይ ይደመራል። በጂ ቅርጽ ካፖ 1 ላይ ኤ ፍላት፣ 2 ላይ ኤ፣ 3 ላይ ቢ ፍላት፣ 4 ላይ ቢ ነው። በሲ ቅርጽ 1 ላይ ዲ ፍላት፣ 3 ላይ ኢ ፍላት፣ 5 ላይ ኤፍ ነው። ኪዩ ኤፍ ሲሆን እኔ ከሲ ቅርጽ ይልቅ ዲ ቅርጽን በካፖ 3 እመርጣለሁ፤ ካፖው ከአምስተኛው ፍሬት እያለፈ ሲሄድ ድምፁ እየቀጠነ ይመጣልና። ሁለት ጊታሪስት ካላችሁ ደግሞ አንዳችሁ በጂ ክፍት፣ ሌላችሁ በዲ ቅርጽ ካፖ 5 ተጫወቱ። ሁለቱም ጂ ናቸው፣ ግን አንዱ ከታች አንዱ ከላይ ሆኖ ቤቱን ይሞላዋል።

ካፖውን ከፍሬቱ ብረት ጠጋ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ካሰራችሁ በኋላም ቱነር (የክር መቃኛ) ተመልከቱ፤ ስፕሪንጉ የጠነከረ ካፖ ክሩን ስቦ ድምፁን ያሾለዋል። ከስልክ የምታወርዱትን ኮርድ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከላይ በትንሹ «ካፖ 3» ተብሎ ሥር በጂ የተጻፈ ዝማሬ እውነተኛ ኪዩ ቢ ፍላት ነው። እናንተ ካፖ አስራችሁ ትክክል ትጫወታላችሁ፣ ወረቀቱን ያነበበው የቤዝ ተጫዋች ግን ጂን ይዞ ይመጣል። ለባንዱ የምትናገሩት ሁልጊዜ የሚሰማውን ኪይ ይሁን፤ እናንተ የምትይዙት ቅርጽ የግል ጉዳያችሁ ነው።

ኪዩን የሚወስነው ማን ነው? የሚዘምረው ሰው ነው፤ ጊታሪስት «በጂ ይሻለኛል» ማለት አይችልም። አንድ ዘማሪ በልምምድ መጀመሪያ ላይ «ይኼ ልክ ነው» ትልና አዝማቹ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ይሰነጠቃል፤ ምክንያቱም የተሞከረው የመጀመሪያው ስንኝ ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። አሁን ከአዝማቹ ነው የማስጀምረው። ከፍ የሚለውን ቦታ ያለ ጭንቀት ስትደርስበት፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ስንኝ ተመልሰን ዝቅ የሚለው እንደማይጠፋ እናያለን። ጠዋት የሚዘመር ከሆነ ከማታው ልምምድ ግማሽ ድምፅ (አንድ ፍሬት) ዝቅ አድርጌ እይዛለሁ፤ ጠዋት ጉሮሮ ገና አልተፈታም። ወንዱ የዘመረውን ሴቷ ስትዘምረው ደግሞ አንድና ሁለት ፍሬት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ አራት አምስት ፍሬት ያህል ለማዘዋወር ተዘጋጁ። በጂ የነበረው በሲ ወይም በዲ ቢገኝ አይግረማችሁ። ኪዩ አንዴ ከተገኘ ከዘማሪዋ ስም አጠገብ ጻፉት። የመዝሙሩ ገጽ ላይ ቁጥሩ ብቻ ይቀመጣል።

እጃችሁ ሲፈታ አንዳንድ ማሳመሪያ ጨምሩበት። በጂ ቅርጽ ቀለበት ጣትንና ትንሿን ጣት ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ላይ፣ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተክላችሁ አታንሷቸው። በቀሩት ሁለት ጣቶች ጂን፣ ኢ ማይነርን፣ ሲን ቀያይሩ፤ ዲ ላይም ሁለቱ ጣቶች እንዳሉ ሆነው ጠቋሚ ጣትን ሦስተኛው ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ኮርዱ ይለወጣል፣ ከላይ የሚሰሙት ሁለቱ ድምፆች ግን እንዳሉ ይቆያሉ። በካፖ ደግሞ ይህ ማሳመሪያ ወደ ፈለጋችሁት ኪይ አብሯችሁ ይሄዳል። ሌላው ከ1 ወደ 6 ስትወርዱ 5ን በራሱ ቤዝ ሳይሆን በሦስተኛ ድምፁ ላይ ማስቀመጥ ነው፦ ጂ፣ ዲ በኤፍ ሻርፕ ቤዝ፣ ኢ ማይነር። ቤዙ ጂ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኢ እያለ በደረጃ ይወርዳል። በሲ ኪይ ሲ፣ ጂ በቢ ቤዝ፣ ኤ ማይነር ነው። ግን ከባንድ ጋር ስትሆኑ ቤዝ ለሚጫወተው ንገሩት፣ አለበለዚያ ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቅኝቶቻችን ሳልናገር ባልፍ ጥሩ አይደለም፤ አራቱን ኮርድ ከለመድን በኋላ ሁሉም ዜማ ላይ ልንጭናቸው እንፈልጋለንና። ትዝታ ሜጀር በሲ ሲሆን ድምፆቹ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። 1 እና 6፣ ማለት ሲና ኤ ማይነር፣ ሙሉ በሙሉ ከውስጡ ይወጣሉ። 5 ግን ቢን ይዞ ይመጣል፣ 4 ደግሞ ኤፍን፤ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። ብዙ ዘመናዊ ቅንብር ይጠቀምባቸዋል፣ መጠቀምም ይቻላል። ዜማው የሻከረባችሁ ቦታ ላይ ግን በጂ ፈንታ ጂ ሳስ ፎርን ያዙ፤ ጂ፣ ሲ፣ ዲ ብቻ ስለሆነ ከቅኝቱ አይወጣም። ትዝታ ማይነር ላይ 1–5–6–4 አይሠራም፤ በሲ ሲሆን ሲ ማይነርና ኤ ፍላት ናቸው የሚያዋጡት። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ የፖፕ ዙር ባትሞክሩ ይሻላል። እዚያ እኔ ኮርዱን ትቼ ከክራሩ ጋር ዜማውን ነው የምከተለው። የክራር ተጫዋች አብሯችሁ ካለ ኪዩን ከእሱ ጋር አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ እሱ ኪይ የሚቀይረው ክሮቹን ዳግም ቃኝቶ ነው፣ መድረክ ላይ ድንገት አይጠየቅም።

ልምምዱን በተመለከተ፣ አሥራ ሁለቱን ኪይ በአንድ ቁጭታ ለመጨረስ አትሞክሩ። አንድ ዙር ምረጡ፣ ለአንድ ቀን አንድ ኪይ፣ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) 60 ላይ፣ ለእያንዳንዱ ኮርድ አራት ምት። ስትቀያይሩ የኮርዱን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ቤተሰብ «ምን ይቆጥራል ይኼ ልጅ» ይላል፤ ይበል። መጀመሪያ ጂ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ በክፍት ኮርድ፤ ከዚያ ኤፍና ቢ ፍላት በባሬ። እነዚህ ሰባቱ ሲያዙ የቀሩትን እጃችሁ ራሱ ያገኛቸዋል። ሳክስፎንና ትራምፔት ባለበት ባንድ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ፍላት ያለባቸውን ኪዮች ነው የሚወዱት፣ ቢ ፍላትና ኢ ፍላት ቀድመው ይመጡባችኋል።

በመጨረሻ የሚያስደነግጠው፣ መዝሙሩ መሀል ኪይ መጨመር ነው። መሪው አውራ ጣቱን ወደ ላይ ያደርጋል፣ የመጨረሻው አዝማች ከፍ ሊል ነው። ዘሎ አዲሱን 1 መያዝ ይቻላል፣ ግን ዘማሪው መግቢያ ያጣል። ከመግባታችሁ በፊት የአዲሱን ኪይ 5 አንድ ሙሉ ሜዠር ያህል ያዙለት። ከጂ ወደ ኤ ስትወጡ ኢን ያዙ፤ ከጂ ወደ ኤ ፍላት ከሆነ ኢ ፍላትን። ኢ ሰቨን ብታደርጉት ደግሞ የበለጠ ይስባል፣ ዘማሪው ጆሮው ራሱ ይወስደዋል። በክፍት ኮርድና በካፖ ስትጫወቱ ግን ይህ ወጥመድ ነው፤ ዝማሬው መሀል ካፖ የምታንቀሳቅሱበት ጊዜ የለም። ኪይ የሚጨምር መዝሙር መሆኑን ካወቃችሁ ከመጀመሪያው በባሬ ግቡ፣ ወይም ዝቅ ባለው ኪይ ሳላችሁ በጂ ቅርጽ፣ ከፍ ሲል ያንኑ ካፖ ሳትነኩ በኤ ቅርጽ ቀጥሉ።